ሆዱ የማይሞላው ሜዳ

ከአሰላ ወደ ሳጉሬ የሚወስደውን መንገድ ይዞ ከከተማው ዳር ብቅ ያለ ሰው፣ በስተግራው፣ ወደ ጭላሎ ተራራ በሚወጣው ተረተር ላይ አንድ ረጅም የድንጋይ ግንብ ያያል። ስለ አንድ ቦታ ሳስተምር ሁልጊዜ ከአቅጣጫው እጀምራለሁ፤ እዚህም ከዚያው ጀመርኩ። ግንቡ የጦር ሰፈር ነበር። ጣሊያን ሠራው፤ ጣሊያን ሲወጣ የእኛ ጦር ገባበት፤ ጦሩ ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር ደግሞ ባዶው ግቢ ለትምህርት ቤት ተሰጠ። እኔ የደረስኩት በዚህ በሦስተኛው ዘመኑ፣ በሃምሳዎቹ መግቢያ፣ ከመምህራን ማሠልጠኛ በወጣሁበት ዓመት ነው። ዛሬ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛውሬያለሁ። ያየሁት ነገር ግን ከእኔ ጋር ተዛውሯል፤ ሳይደበዝዝ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ቀን ከበሩ ስገባ ባርኔጣዬን አወለቅሁ። ቤተ ክርስቲያን አልነበረም፤ የሚያየኝ አለቃም አልነበረም። የግንቡ ውፍረት ነው ያስወለቀኝ። የመስኮቱ ደፍ ላይ አንድ ልጅ ጋደም ብሎ ሊያነብበት ይችላል። በየግድግዳው የበቅሎ ማሰሪያ የብረት ቀለበት ተተክሏል። በየበሩ ላይ ደግሞ ቀለም በቀለም ላይ ተደርቧል፦ ከሥር የጣሊያን ቁጥር፣ ከበላዩ «አንደኛ ሻምበል» የሚል የእኛ ጽሕፈት። እኛ ቀለም ስላልነበረን በዚያ ላይ በጠመኔ «አራተኛ ክፍል» ብለን ጻፍንበት። ጉም ሲገባ ጠመኔው እየረጠበ ይጠፋል፤ በማግሥቱ መልሰን እንጽፋለን። ከታች ያሉት ሁለቱ ጽሕፈቶች ግን ንቅንቅ አላሉም።

ግቢውን የሚጠብቁልን አንድ ጡረተኛ ወታደር ነበሩ። ስማቸውን የሚጠራ ሰው አልነበረም፤ ሁላችንም «ሃምሳ አለቃ» ነበር የምንላቸው። በዚያ ሰፈር ከተራ ወታደርነት ጀምረው ያገለገሉ ሰው ናቸው። ጦሩ ሲነሣ እሳቸው ለምን እንደ ቀሩ ብጠይቃቸው፣ «ሚስቴ እዚህ ናት» አሉኝ። «እኔን ወደፈለጉበት ያዛውሩኛል። እሷን ግን የሚያዛውር ጄኔራል ገና አልተወለደም።» ባለቤታቸው የአርሲ ኦሮሞ ናቸው፤ የተወለዱትም ከፊት በሩ ማዶ ካለው መንደር ነው።

አሁን ወደ ሜዳው ልምጣ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነውና። በግቢው መካከል ወታደር የሚሰለፍበት ሰፊ ሜዳ አለ። እኛም ጠዋት ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ የምንሰቅለው እዚያው ነው። ይህን ሜዳ ከፊት በር ጀምሮ እስከ ኋላ ግንብ ድረስ አንድ ስርጓጅ ያቋርጠዋል። ጥልቀቱ ከጉልበት ከፍ ይላል፤ ስፋቱ ሁለት ጋሪ ጎን ለጎን ያስኬዳል። ዳርና ዳሩ ስል አይደለም፣ ሰው በእጁ እንደ ዳበሰው ሸክላ ለስላሳና ክብ ነው። ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ኳሷ ምን ጊዜም እዚያ ውስጥ ገብታ ትቀራለች።

በኅዳር ወር ለአራተኛ ክፍል ካርታ አሣሣል ሳስተምር፣ ልጆቹን ይዤ ግቢውን ለካንና በወረቀት ላይ አሰፈርነው። ስርጓጁ ጋ ስደርስ «ይህ የውሃ ቦይ ነው» ልል አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። ውሃ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። የሜዳው ተዳፋት ከጭላሎ በኩል ወደ መንገዱ ነው። ስርጓጁ ግን ተዳፋቱን አግድም ነው የሚያቋርጠው። ውሃ አግድም አይሄድም። ታዲያ የምን ቦይ ነው? ልጆቹን አሰናብቼ ወደ ሃምሳ አለቃ ሄድኩ። በሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቁ ነበር።

«ሃምሳ አለቃ፣ ይሄ ቦይ ምንድን ነው?»

«ቦይ? አስተማሪ፣ ይሄ ቦይ አይደለም። ሆዱ ነው።»

«የምን ሆድ?»

«የሜዳው ነዋ! ቢያጎርሱት፣ ቢያጎርሱት የማይጠግብ ሆድ። በእኛ ጊዜ አንድ ወታደር ጠጥቶ ከመጣ፣ ወይ ጫማውን ካልወለወለ፣ አለቃው አይመታውም። ‹ሂድ፣ ሆዱን አጉርስ!› ነው የሚለው። ከዚያ በአካፋ አፈር፣ በቃሬዛ ድንጋይ እየተሸከሙ እዚህ መድፋት ነው። ሰልፍ ሊደረግ ሲል ይሞላል፤ ደልዳላ ይሆናል፤ ባንዲራ ይተከላል፣ ሙዚቃ ይመታል። ክረምት ያልፋል፤ መስከረም ላይ ስናየው ያው ሆኖ ይጠብቀናል። ባዶውን!»

«ማን ቆፈረው ታዲያ?»

«እኔ ስመጣ ነበረ። ለጣሊያን ድንጋይ ሲጠርብ የኖረ አንድ ሰው ሲነግረኝ፣ ጣሊያንም ሲያጎርሰው ነበር የኖረው። ከዚያ በፊት ያለውን እኔ አልነበርኩም፤ ዋሽቼ አባይ አልባልም።»

ቀጥለው በእጃቸው ወደ ኋላው ግንብ አመለከቱኝ። ስርጓጁ ከግንቡ የሚጋጭበት ቦታ ላይ ድንጋዩ ከሌላው ይለያል፤ ያነሰና የተዝረከረከ ነው። «እዚያ ጋ በር ነበር። ጣሊያን በቅሎውን ውሃ የሚያወርድበት። በእኛ ጊዜ ወታደሩ በዚያ እየሾለከ ጠላ ቤት መሄድ አበዛ። አንድ ቀን ሻምበሉ ደብቆ ሰው አቆመና አንዱን ያዘ። የተያዘው ሰው በሩን በድንጋይ እንዲደፍን ተፈረደበት።»

«ማን ነበር የተያዘው?»

ሃምሳ አለቃ ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። «የግንቡን ሥራ ሲያዩት፣ አስተማሪ፣ የጎበዝ ግንበኛ እጅ ይመስላል? ያልጠጣ ሰው የሠራው ይመስላል?» ብለው ሳቁ።

ሳቅሁ፤ ጥያቄዬ ግን አልተመለሰም። ካርታው ላይ ስርጓጁን በነጠብጣብ መስመር ሣልነውና ስም ሳንሰጠው ተውነው።

የበልጉ ዝናብ በዚያ ዓመት ከበደ። ጭላሎ ለብዙ ቀን ከጉም አልወጣም። አንድ ጠዋት ሒሳብ ሳስተምር ከግድግዳው ውጭ አንድ ድምፅ ሰማሁ። አናጢ በመላጊያ እንጨት ሲልግ እንደሚሰማው ያለ ነው፤ ክርር ይላል፣ ያቆማል፣ ደግሞ ክርር ይላል። አንድ ቦታ አልነበረም፤ በግድግዳው ርዝመት ሁሉ፣ ከዳር እስከ ዳር። ጠመኔውን ይዤ ቆምኩ። ልጆቹም ጸጥ አሉ።

ከክፍሉ ጥቂት ሴት ልጆች አንዷ፣ ከፊት በሩ ማዶ ካለው መንደር የምትመጣው፣ እጇን አወጣች። «አስተማሪ፣ የእኛ ላሞች ናቸው» አለች። «ኖራውን እየላሱ ነው።»

ወጥቼ ግንቡን ዞርኩ። ያየሁትን ለመናገር ዛሬም ቃል ያጥረኛል። በጉሙ ውስጥ፣ ግንቡ እስከሚያልቅበት ድረስ ከብት ተደርድሯል። ላም፣ በሬ፣ ጊደር፣ ሁሉም ፊቱን ወደ ግንቡ አዙሮ፣ አንገቱን ዘርግቶ ይልሳል። ጦሩ በየዓመቱ ሲቀባው የኖረው ኖራ ምላሳቸው በሚደርስበት ቁመት ሁሉ ተልጦ ጥቁሩ ድንጋይ ወጥቷል። ጎድናቸው ይቆጠራል። ሰው መጣ ብለው አልሸሹም፤ አንዷም ዞራ አላየችኝም። አንድ መቶ ሰው ሲጸልይ የደረስኩ መሰለኝና ኮቴዬን አለሳልሼ ተመለስኩ።

እዚህ ላይ ለማያውቅ አንባቢ ስለ ሆራ ላስረዳ። በአርሲ ከብት ሣርና ንጹሕ ውሃ ብቻ አይበቃውም። ከመሬት የሚፈልቅ ጨዋማ ውሃ አለ፤ ሆራ ይባላል። ከብቱ በየጊዜው ወደዚያ ተነድቶ ካልጠጣ ይከሳል፤ ወተቱ ይነጥፋል፤ አጥንት ያኝካል፤ የተሰጣ ልብስ ይበላል፤ በመጨረሻም ይወድቃል። ለመንደሩ ቅርቡ ሆራ ከሰፈሩ ግንብ ጀርባ፣ ቁልቁል በሚወርደው ሸለቆ ውስጥ ነው። ከብቱ ወደዚያ የሚወርደው ግንቡን በሩቅ ዞሮ፣ በአንድ ገደል ጥግ በተቀደደች ቀጭን መንገድ ነበር።

የልጅቱ አያት በማግሥቱ ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ መጡ። ጋቢያቸውን ደርበው፣ ረጅም በትራቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ገቡ። ረጅም ሰው ናቸው፤ አማርኛቸው ዝግ ያለ ነው፤ እያንዳንዱን ቃል እንደ ድንጋይ መርጠው ያስቀምጣሉ። ዳይሬክተሩ ከአዲስ አበባ የተመደበ፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ሰው ነበር። እኔ ለሌላ ጉዳይ እዚያው ተቀምጬ ነበር።

«ጌታው» አሉ ሽማግሌው፣ «ገደሉ ሄደ።»

«ሄደ ማለት?»

«ዝናብ ወሰደው። መንገድ የለም። ከብት ሆራ አላገኘም። ሁለት ጥጃ ሞተ። ወተት የለም። እንዲህ ከቀጠለ በሬው ለእርሻ አይቆምም።»

«በሌላ በኩል መንገድ የለም እንዴ፣ አባባ?»

«አለ። በሰው ገብስ ላይ። በጎረቤቴ ገብስ ላይ ከብት ልንዳ?»

ሽማግሌው ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው በጣታቸው ወደ ሜዳው አመለከቱ። «አባቴ በዚያ ነበር የሚነዳው። አያቴም በዚያ። እኔም ልጅ ሆኜ በዚያ ነድቻለሁ፤ ይሄ ግንብ ሳይመጣ። መንገዱ አለ። ያው፣ ተኝቷል።»

ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ጣታቸው ስርጓጁን ነበር የሚያሳየው። አግድም የሄደው ነገር፣ ጣሊያን ያልሞላው፣ ሻምበሉ ያልሞላው፣ የቅጣት ድንጋይ ሁሉ የገባበት ነገር፣ የኮቴ ሥራ ነበር።

«አባባ» አለ ዳይሬክተሩ፤ ድምፁ ክፉ አልነበረም። «ይህን ግቢ ፈርሜ ነው የተረከብኩት። ያ ግንብ የመንግሥት ነው። አንድ ድንጋይ ብነቅል የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

«ድንጋዩ የመንግሥት ነው። እሺ። ከብቱስ?»

«ከብቱ የእርስዎ ነው።»

«ኤዬ፣ አዎ፣ የእኔ ነው» አሉ። «ለዚህ ነው የመጣሁት።» በትራቸውን አንሥተው ወጡ።

ያን ቀን ተማሪዎች ሲወጡ ስርጓጁ ውስጥ ገባሁና በአካፋ ጫር ጫር አደረግሁ። ከላይ ያለው ልቅ አፈርና ጠጠር ነው፤ እሱ ወታደሮቹ የደፉት ነው። ከሥሩ ያለው ግን አካፋውን እንደ ብረት መለሰው። አሁን ለምን እንደማይሞላ ገባኝ። ከብት ለስንት ትውልድ እንደ ረገጠው ማን ያውቃል፤ ታችኛው መሬት እንደ ምጣድ ጠንክሯል። ውሃ አያሰርግም፤ አዲስ አፈር ከላዩ ሲደፋ አይያያዘውም። ዝናብ ሲመጣ በልቁና በጠናው መካከል ይገባል፤ ልቁን አጥቦ ይሄዳል። ምክንያቱ ይኸው ነው፣ ለልጆች የሚነገር ቀላል ምክንያት። ሆኖም ምክንያቱን ካወቅሁት በኋላ ይበልጥ ፈራሁት። በሁለት መንግሥት ኃይል ያልተሸነፈ መሬት ላይ ቆሜ ነበር፤ ያጠነከረው ደግሞ ለመጠጣት የሚሄድ ከብት ነው።

ለዳይሬክተሩ ይህንኑ ነገርኩት። «ገብቶኛል» አለኝ። «ፊርማው ግን የእኔ ነው።»

ጥቂት ቀን አለፈ። የግድግዳው ድምፅ በየጠዋቱ ይሰማል፤ ልጅቱ ክፍል ውስጥ ቀና ማለት ተወች። አንድ ቀን ላሞቹን ቆጥራ ስትመለስ «ዛሬ አንዷ አልተነሣችም» አለችኝ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ልንሰቅል ተሰልፈን ሳለ፣ ከጉሙ ውስጥ የሴቶች ዜማ መጣ። ዝቅ ያለ፣ አንዷ ስታወጣ ሌሎቹ የሚቀበሉት ነው። ቀጥሎ ራሳቸው ታዩ። ብዙ ሴቶች፣ አሮጊቶች ከፊት፣ ወጣቶች ከኋላ፣ እያንዳንዷ በአንድ እጇ ቀጭን ረጅም በትር፣ በሌላው እጇ ለምለም ሣር ይዛ ወደ በሩ ይመጣሉ።

«ዱላ ይዘው መጡብን!» አለ ዳይሬክተሩ። «ደወሉን ምቱ! ልጆቹን አስገቡ! ሃምሳ አለቃ፣ በሩን ይዝጉ!»

ደወላችን የመኪና ቸርኬ ነበረች፤ አንዱ ተማሪ ሮጦ ደበደባት። እኔ ልጆቹን ወደ ክፍል መንዳት ጀመርኩ። ከአንዳንዶቹ ጋር መተናነቅ ሆነ፤ የመንደሩ ልጆች መግባት እምቢ አሉ። «እናቴ ናት እኮ!» ይለኛል አንዱ። ወደ በሩ ስዞር ሃምሳ አለቃ ኮፍያቸውን አውልቀው በብብታቸው ይዘዋል። የራሳቸውን ዱላ ግንቡ ላይ አስደግፈውታል። ተከፍቶ የነበረውን አንዱን የበር ክንፍ አልዘጉትም፤ ሌላኛውንም ጨምረው ከፈቱት።

«ሃምሳ አለቃ! ይዝጉ አላልኩም?»

«ብለዋል፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ?»

«ዱላ አይደለም፣ ሲንቄ ነው። ዱላ ቢሆን እኔ ከእርስዎ ቀድሜ እሸሽ ነበር።»

ሲንቄ ምን እንደ ሆነ እዚያው በሩ ላይ ነው የተማርኩት። አንዲት የአርሲ ሴት ስትዳር እናቷ የምትሰጣት በትር ነው። አይመቱበትም። ሁለት ወገን ሲጣላ ሴቶች ይህን በትር ይዘው መካከል ከቆሙ ጦር የያዘ ሰው ጦሩን ያወርዳል። በደል ደርሶባቸው ይህን ይዘው ከወጡ ደግሞ መልስ ሳያገኙ አይገቡም። አልፏቸው የሚሄድ፣ ገፍቷቸው የሚያልፍ ወንድ የለም። ዳይሬክተሩ ይህን አያውቅም፤ እኔም አላውቅም ነበር። ሴቶቹ ከበሩ ደፍ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። አንዷም እግሯን ወደ ውስጥ አላነሣችም። ዜማው ቆመ። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ የአንድ ሕፃን ሳል ብቻ ይሰማ ነበር።

«ምንድን ነው የሚፈልጉት?» አለ ዳይሬክተሩ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ሽማግሌው የጠየቁትን» አሉ ሃምሳ አለቃ።

«እምቢ ብልስ?»

«ምንም አያደርጉዎትም። ይቆማሉ። ቤት ገብተው እሳት አይጭሩም፣ አያልቡም፣ አያበስሉም። ማታ ባሎቻቸው እርስዎ ዘንድ ይመጣሉ።»

«ሊጣሉኝ?»

«ኧረ ሊለምኑዎት! የራበው ባል ሲለምን አላዩም መሰለኝ።» ከዚያ በአገጫቸው ወደ ሴቶቹ ጠቆሙ። «ያቺ ከፊት ያለችው፣ ጠና ያለችው፣ ሚስቴ ናት። አሁን በሩን ብዘጋባት፣ ማታ ለእኔ ማን ይከፍትልኛል?»

ከሴቶቹ መካከል አማርኛ የሚሰሙት ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። የሃምሳ አለቃ ባለቤት ግን አልሳቁም። ባላቸውን ትኩር ብለው አዩና «ሥራህን ሥራ» አሏቸው፤ በአማርኛ፣ ሁላችንም እንድንሰማ።

ዳይሬክተሩ የቢሮው ደረጃ ላይ ተቀመጠ። እንደ ተሸነፈ ሰው አልነበረም የተቀመጠው፤ ከባድ ነገር ተሸክሞ እንደ ቆየ ሰው ነበር። «ይፍረስ ብዬ አላዝዝም» አለ። «ማዘዝ አልችልም።»

«አይዘዙ» አሉ ሃምሳ አለቃ። «ያን ድንጋይ እዚያ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ቅጣቴ ነው። ቅጣቴን ከጨረስኩ ስንት ጊዜዬ፤ ድንጋዬን ላንሣ።»

«የመንግሥት ድንጋይ ነው፣ ሃምሳ አለቃ።»

«የትም አልወስደውም፣ ጌታዬ። ከግንቡ ጎን እደረድረዋለሁ። የሚጠይቅ ቢመጣ ድንጋዩ እዚያው አለ።»

ዳይሬክተሩ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ፣ ምን ትጠብቃለህ? ልጆቹን አሰልፍ እንጂ። ከብት እንዳይረግጥብህ» አለኝ። ፈቃዱ ይህ ነበር፤ ከዚህ ሌላ ፈቃድ አልሰጠም።

ሃምሳ አለቃ ዲጂኖ አምጥተው የኋላውን ግንብ ይመቱት ጀመር። ድንጋዩ የተያያዘው በጭቃ ነው፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይከተላል። «አይዞህ፣ ሰክሬ ነው የሠራሁህ» ይሉታል ድንጋዩን። ትልልቆቹ ተማሪዎች እየተቀበሉ ደረደሩት። ከላይ የድሮው በር የጽድ ጉበን ወጣ፤ ሳይበሰብስ፣ ሽታው እንዳለ። ከዚያ ቀዳዳው ሰው የሚያሳልፍ ሆነ፣ ሰፋም፤ እኔም ጎንበስ ብዬ ወደ ማዶ አየሁ።

ስርጓጁ በግንቡ አላበቃም ነበር። ከግንቡ ማዶም ይቀጥላል፤ ያው ስፋት፣ ያው ክብ ዳር፣ ሣር ለብሶ፣ ቁልቁል ወደ ሸለቆው ይወርዳል። ግንቡ በላዩ ላይ ተሠራበት እንጂ አልቆረጠውም። ጉሙ ከበታቹ ሲገለጥ ከሥር የሆራው ውሃ እንደ ቆርቆሮ ብልጭ አለ።

ልጆቹን በስርጓጁ ግራና ቀኝ፣ ከዳሩ ራቅ አድርጌ በሁለት ረድፍ አቆምኳቸው። ሴቶቹ ከፊት በሩ ግራና ቀኝ ተከፈሉና ሣራቸውን መሬት ላይ አኖሩ። ከኋላቸው ከብቱ መጣ።

ከፊት አንዲት አሮጌ ቀይ ላም ነበረች፤ አንድ ቀንዷ ወደ ዓይኗ የታጠፈ። በሩ ላይ ቆመች። ከኋላዋ ያለው ሁሉ ቆመ። እዚህ ግቢ ውስጥ ገብታ አታውቅም፤ ከእነዚያ ከብቶች አንዱም ገብቶ አያውቅም፤ ግንቡ ሲሠራ አንዱም አልተወለደም። አፍንጫዋን አንሥታ ነፋሱን አሸተተች። ነፋሱ ከኋላ በር በኩል ነበር የሚመጣው። ሽማግሌው ከመንጋው ኋላ ናቸው፤ አልጮኹም፣ አላፏጩም፤ ዝም ብለው ጠበቁ።

ላሟ ራሷን ዝቅ አደረገችና ወደ ስርጓጁ ገባች። ወደ ግራም ወደ ቀኝም፣ ወደ ልጆቹ አላለችም። በመካከሉ፣ ቀጥ ብላ። ከኋላዋ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሁሉም። ኮቴው መጀመሪያ በልቁ ጠጠር ላይ ተንኮሻኮሸ፤ ብዙው ሲረግጠው ድምፁ ወደ ታች ወረደ፤ ጠናው መሬት ሲደርስ ከእግራችን ሥር ይመታ ጀመር። በጫማዬ በኩል ተሰማኝ። እግራቸው አይታይም፤ ጀርባቸው ብቻ፣ ቀይ፣ ጥቁር፣ ቡላ፣ ዳር እስከ ዳር ሞልቶ ይፈስሳል። ትንፋሻቸው በላያቸው ጉም ሠራ። ያን ያህል ልጅ ቆሞ አንድም አልጮኸም። ወደ ጎኔ ስመለከት ዳይሬክተሩ ከደረጃው ወርዶ በተማሪዎቹ ረድፍ ውስጥ ቆሟል፤ እጆቹን እንደ ተማሪ ከጎኑ አድርጎ።

«ሞላ!» አሉ ሃምሳ አለቃ ከኋላ በር። «አስተማሪ፣ ይዩት! ሞላ እኮ!»

መጨረሻ ላይ ሽማግሌው ገቡ። ከመካከል ሲደርሱ ቆም አሉ፤ ግራና ቀኝ ያለውን ዳር አዩ፤ በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናግረው ከብታቸውን ተከተሉ። ምን እንዳሉ የልጅ ልጃቸውን ጠየቅኋት።

«‹ያን ጊዜ ሰፊ ይመስለኝ ነበር› አሉ» አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ በዚያው መንገድ ተመለሱ። አሁን ዝግ ብለው ነበር የሚሄዱት፤ ሆዳቸው ከብዷል፤ ከአፋቸው የሆራው ውሃ ይንጠባጠባል። ሴቶቹ ሄደው ነበር፤ ሣሩ በሩ ላይ ቀርቷል።

ቆይቶ ግቢውን የሚያይ አንድ ሹም መጣ። ቀዳዳውንና በጎኑ የተደረደረውን ድንጋይ አይቶ ዳይሬክተሩን፣ «ይህን ግንብ ማን አፈረሰው?» አለው። ዳይሬክተሩ ቀና ብሎ ወደ ጽድ ጉበኑ አመለከተና «ግንብ አይደለም። በር ነው» አለው። ሹሙ ጉበኑን አየ፤ ሌላ አልጠየቀም። እኛም ከዚያ ወዲህ ስርጓጁን አላጎረስነውም። ኳስ ሜዳውን ወደ ጎን አዞርነው፤ የሰንደቅ ዓላማው ሰልፍም በግራና በቀኝ ሆነ። በየጊዜው፣ በትምህርት መካከል፣ ወለሉ በእግራችን ሥር መምታት ሲጀምር ጠመኔዬን አስቀምጣለሁ፤ አልፎ እስኪሄድ ማንም አይናገርም።

ከሁሉ የማስበው ግን በማግሥቱ ያለውን ጠዋት ነው። ጉሙ እንደ ልማዱ ገብቷል። ክፍል ገባሁ፤ የበሩ ላይ ጠመኔ ጠፍቶ ስለነበር መልሼ ጻፍኩት። ሒሳብ ጀመርኩ። ግማሽ ላይ ሳልደርስ ቆምኩ፤ ልጆቹም ብዕራቸውን አቆሙ። ሁላችንም ወደ ግድግዳው ዞረን ጆሮአችንን ሰጠን። ክርር የሚል የለም። ከዳር እስከ ዳር ድንጋዩ ዝም ብሏል።

ልጅቱ ቀና ብላ አየችኝ።

«አስተማሪ፣ ዛሬ አይመጡም» አለች። «ጠጥተዋል።»